ሰው ይሸጥበት የነበረው ቦታና በላዩ የቆመው ቤተ ክርስቲያን

የመምህሩ ገጽ

ሙቀቱም፣ አቧራውም፣ የራሽን ሰልፉም እንዴት ይዟችኋል? ልጆቹ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው አይደል? በዚህ ዕትም ከካምፓችን አጥር ወጣ ብለን እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ድረስ እንወርዳለን። የምንጎበኘው አንድ ሕንፃ ነው። በዛንዚባር ደሴት፣ በድንጋይ ከተማ (ስቶን ታውን) የሚገኘው የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው የአንግሊካኖች ካቴድራል። «እኛ ኦርቶዶክስ፣ እኛ እስላም፣ እኛ ጴንጤ፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ምን ያደርግልናል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ የሃይማኖት ክርክር አይደለም። ከአገሩ ተነቅሎ ስለመጣ ሰው የሚናገር ሕንፃ ስለሆነ ነው የመረጥኩት።

ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከገበያው እንጀምር። በ19ኛው መቶ ዘመን ዛንዚባርን የሚገዙት ከኦማን የመጡ ሱልጣኖች ነበሩ። ደሴቲቱ በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር፤ በቅርንፉድና በሰው ንግድ። ከኒያሳ ሐይቅ አካባቢና ከታንጋኒካ ወዲያ ማዶ ሰዎች ይያዛሉ፤ በሰንሰለት ታስረው ወራት የሚፈጅ መንገድ በእግራቸው ይጓዛሉ፤ ከዚያ በጀልባ ተጭነው ደሴቲቱ ይደርሳሉ። መንገድ ላይ የሚሞተው ብዙ ነው። የደረሰውም ቢሆን እንደ ዕቃ የጉምሩክ ቀረጥ ይከፈልበታል። የታሪክ ሰዎች በ1860ዎቹ በየዓመቱ እስከ 20,000 የሚደርስ ሰው በዚህች ደሴት በኩል እንዳለፈ ይገምታሉ። ከፊሉ እዚያው ቅርንፉድ ለቀማ ላይ ይቀራል፤ ሌላው ወደ ዓረብና ወደ ፋርስ አገር ይጫናል።

የእኛም አገር ሰው ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረም። ከኢትዮጵያ የሚወሰዱት በአብዛኛው በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ ዓረብ አገር ቢሄዱም፣ እስከ ዛንዚባር የዘለቁ ነበሩ። የሱልጣን ሰይድ ሳይድ ልጅ የሆነችው ልዕልት ሳልሜ በ1886 ባሳተመችው ማስታወሻ ላይ፣ በአባቷ ቤት ስለነበሩ የሐበሻ ሴቶች ጽፋለች። እነዚያ ሴቶች በፈቃዳቸው ለጉብኝት የሄዱ አልነበሩም።

እንግዲህ በ1873 ነገር ተለወጠ። እንግሊዝ ሰር ባርትል ፍሬር የተባለ መልእክተኛ ላከች። ሱልጣን በርጋሽ እሺ አላለም። የሰው ንግድ ቀረ ማለት ቀረጡ ቀረ ማለት ነው፤ ባላባቶቹም ይነሱበታል። በመጨረሻ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ደሴቲቱን እንደሚከቡ ሲነገረውና ቆንስሉ ጆን ኪርክ ሲያጠብቅበት፣ ሰኔ 5 ቀን 1873 ውሉን ፈረመ። በባሕር የሚደረገው የባሪያ ንግድ ተከለከለ፤ የሰው ገበያዎችም ተዘጉ።

ገበያው ተዘጋ። ቦታውስ? ባዶ መሬት ሆኖ ቢቀር ኖሮ በጥቂት ዓመት ሱቅ ይሠራበትና ይረሳ ነበር። አርተር ዌስት የሚባል የሚሲዮን ቄስ ከገበያው ቦታ ከፊሉን ገዛ። ጃይራም ሴንጂ የሚባል ሕንዳዊ ነጋዴ ደግሞ ሌላውን ክፍል ሰጠ። በዚያው ዓመት በገና ቀን፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1873፣ የቤተ ክርስቲያኑ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ከውሉ ፊርማ እስከ መሠረት ድንጋዩ ሰባት ወር እንኳ አልሞላም።

ሥራውን የመራው ኤድዋርድ ስቲር ነው፤ በ1874 የሚሲዮኑ ጳጳስ ሆነ። ትምህርቱ ሕግ ነበር፤ ግንበኛ አልነበረም። ንድፉን ያወጣው እንግሊዝ አገር ያለ አርክቴክት ቢሆንም፣ ዛንዚባር ላይ የነበረው ችግር ለንደን ተቀምጦ የሚፈታ አልነበረም። እዚህ ላይ የሕንፃ ሥራ የምታውቁ ወንድሞች ጆሮ ስጡኝ።

የደሴቲቱ ድንጋይ ኮራል ነው። ከጥንት የባሕር ፍጥረታት አጽም ተጋግሮ የተሠራ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ቀለል ያለ ድንጋይ ነው። ግድግዳው በእሱና በኖራ ይገነባል። ኖራውም ያንኑ ኮራል አቃጥሎ የሚገኝ ነው። እስከዚህ ደህና። ችግሩ ጣሪያው ነው። እዚያ አገር ለጣሪያ የሚሆነው እንጨት ስዋሂሊዎች «ቦሪቲ» የሚሉት የማንግሮቭ ግንድ ነው። ምስጥ አይደፍረውም፤ ርዝመቱ ግን ከሦስት ሜትር ብዙም አያልፍም። የድሮዎቹ የዛንዚባር ቤቶች ክፍሎቻቸው ጠባብና ረጅም የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ክፍሉን የሚለካው የባለቤቱ ሀብት ሳይሆን የግንዱ ርዝመት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግን ስፋቱ 28 ጫማ፣ ማለትም ከስምንት ሜትር በላይ ነው። በቦሪቲ አይሞከርም።

ስቲር ምን አደረገ? ኮራሉን አስፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር አቀላቀለና ጣሪያውን አንድ ወጥ አድርጎ አስጎበጠው። በርሜልን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ግማሹን ብትደፉት የምታዩት ቅርጽ ነው። በ1870ዎቹ፣ ያለ ብረት፣ ይህን ያህል ሰፊ ቦታ በዚህ መንገድ መክደን እብደት ይመስል ነበር። «ይወድቃል» ያሉ ብዙዎች ነበሩ።

ለምን አልወደቀም? ለልጆቻችሁ እንዲህ አድርጋችሁ አሳዩአቸው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቁሙና መዳፍ ለመዳፍ ገጥመው ወደ ፊት ያዘንብሉ። አንዱ ብቻውን ቢያዘነብል በግንባሩ ይደፋል። ሁለቱ ሲገፋፉ ግን ይቆማሉ። የጎበጠ ጣሪያ የሚቆመው እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጎን ሌላውን እየገፋ። አሁን ደግሞ የልጆቹ እግር ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከኋላቸው ድንጋይ አስቀምጡ። ይኼ ድንጋይ የቤተ ክርስቲያኑ ወፍራም ግድግዳ ነው። የጣሪያው ክብደት ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ስለሚገፋ፣ ግድግዳው ከሳሳ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። ካሳፎርማውም ቅልቅሉ እስኪጠነክር ድረስ መንቀል የለበትም። ግንበኞች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጣሪያው በ1879 ተጠናቀቀ። ካሳፎርማው ተነቀለ፤ ጣሪያው አልወደቀም።

ውጭውን ስታዩት መስኮቶቹ ጫፋቸው የሾለ፣ እንደ እንግሊዝ አገር የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ጌጡ ላይ ግን የዓረብ እጅ ይታያል። ግንበኛ የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። በመግቢያው በኩል ደግሞ ተገልብጠው የቆሙ ዓምዶች አሉ። ራሳቸው ታች፣ እግራቸው ላይ። ስቲር በሌለበት ጊዜ ሠራተኞቹ ናቸው ገልብጠው ያቆሟቸው ይባላል። ሲመለስ አላስፈረሳቸውም፤ እስከ ዛሬ እንዲሁ ናቸው። የሚቆመው ነገር ቆሟልና!

የግንቡ ሰዓት የሱልጣን በርጋሽ ስጦታ ነው። ሱልጣኑ ሰዓቱን ሲሰጥ «ግንባችሁ ከቤተ መንግሥቴ ከፍ አይበል» ብሎ ነበር እየተባለ ይወራል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ሰዓቱን የሰጠው እስላም ሱልጣን፣ ከመሬቱ ከፊሉን የሰጠው ሕንዳዊ ነጋዴ፣ ያሠራው እንግሊዛዊ ጳጳስ ነው። ከሠራተኞቹም መካከል ከባርነት የወጡ አፍሪካውያን ነበሩበት። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኼ ነው።

ወደ ውስጥ እንግባ። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እየተባለ እንደሚከፈል ታውቃላችሁ። የአንግሊካኖቹም አዳራሹ የሕዝቡ ነው፤ ከፊት ከፍ ያለው ቦታ ለካህናቱና ለመዘምራኑ፣ ከዚያ ወዲያ መንበሩ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ግን ከመንበሩ ፊት ወለሉ ላይ አንድ ነገር አለ። በቀይ የተከበበ ክብ ነጭ እብነ በረድ። ሰዎች ለሽያጭ ከመቅረባቸው በፊት የሚገረፉበት ግንድ የነበረው እዚያ ላይ ነው ይባላል። እየተገረፈ ድምፁን ያላወጣ በዋጋ ከፍ ይላል፤ ያለቀሰ ዋጋው ይወርዳል። እዚያው አጠገብ ከእንጨት የተሠራ መስቀል አለ። እንጨቱ የመጣው ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1873 ሲሞት ልቡ ከተቀበረበት፣ በዛሬዋ ዛምቢያ በቺታምቦ መንደር ከነበረው ዛፍ ነው። ስቲር ራሱ በ1882 ሞተና ከመንበሩ ጀርባ ተቀበረ።

አሁን ከድንጋዩ ወደ ሰዎቹ እንለፍ። የታሪክ መጻሕፍት የጳጳሳቱን ስም በደንብ ይዘዋል። ቤተ ክርስቲያኑን የሞሉት ግን የሌላ ቋንቋ፣ የሌላ አገር ልጆች ናቸው። ከጀልባ ላይ የተነጠቁ ሕፃናት፣ ወላጆቻቸው የት እንደቀሩ የማያውቁ፣ እርስ በርሳቸውም የማይግባቡ። ያው፣ ያኦ፣ ኒያሳ፣ ማኩዋ፣ ሌላም ሌላም። የሚያግባባቸው ስዋሂሊ ሆነ። ስቲር ራሱ የስዋሂሊ ሰዋስው መጽሐፍ በ1870 አሳትሟል፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ስዋሂሊ ሲተረጉም ነው የኖረው። ዛሬ በካምፑ ገበያ ሶማሌው፣ ኮንጎው፣ ሱዳኑና ሐበሻው በዚያ ቋንቋ ሲከራከር ስሰማ እነዚያ ልጆች ትዝ ይሉኛል።

ጆን ስዌዲን እንውሰድ። በ1864 ከጀልባ ከተያዙና ሱልጣኑ ለሚሲዮኑ ከሰጣቸው አምስት ልጆች አንዱ ነው። በ1879 ዲያቆን ሆነ። ሴሲል ማጃሊዋ ደግሞ በልጅነቱ ተሽጦ ዛንዚባር የደረሰ የያኦ ልጅ ነበር። በኪዩንጋኒ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም እንግሊዝ አገር ተማረና በ1890 ቅስና ተቀበለ፤ ከሚሲዮኑ አፍሪካውያን የመጀመሪያው ቄስ እሱ ነው። የኪዩንጋኒ ትምህርት ቤት ዋና ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? መምህራን ማሠልጠን! በመምህርነት ማሠልጠኛ ላለፍን ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ባዶ እጁን የመጣ ልጅ መጀመሪያ የተሰጠው መሬት ወይም ገንዘብ ሳይሆን ጠመኔ ነበር።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን ስለ መመለስ ያለው ታሪክ ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች ነፃ ወጡ እንጂ አገራቸው አልነበሩም። በምብዌኒ የሚባል የሚሲዮን መሬት ላይ ቤት ሠርተው፣ አትክልት ተክለው ይኖሩ ነበር። አንዳንዶቹ ግን «ወደ አገራችን መልሱን» አሉ። በ1876 ስቲር በርካታ ሰዎችን ይዞ ወደ ኒያሳ ሐይቅ አቅጣጫ ተነሣ። ሐይቁ ድረስ አልደረሱም። ማሳሲ የሚባል፣ ድንጋያማ ተራሮች ያሉበት ቦታ ሲደርሱ አፈሩም ሰዉም የአገራቸውን መሰላቸው፤ እዚያው ለመቅረት ወሰኑ። ቤት ሠሩ፣ ማሳ አረሱ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

በ1882 ግን ንጎኒዎች መጡባቸው። መንደሩ ተቃጠለ፤ የሞተ ሞተ፣ ዳግመኛ የተማረከ ተማረከ፣ የቀረው ተበተነ። አንዴ ከሰንሰለት የወጣ ሰው ሁለተኛ ሰንሰለት ውስጥ ሲገባ አስቡት። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ማሳሲ እንደገና ተሠራች። ማጃሊዋም ለዓመታት ያገለገለው በዚያው አቅጣጫ ባሉ መንደሮች ነው። ዛሬ ማሳሲ በታንዛኒያ ደቡብ ያለች ከተማ ናት፤ የራሷም የአንግሊካን ጳጳስ አላት። ይህን የምጽፈው «ሁሉም ነገር መጨረሻው ያምራል» ለማለት አይደለም። ለሁሉም አላማረም። መመለስ የሚባለው ነገር አንድ ቀን ተነሥተው የሚጨርሱት ጉዞ እንዳልሆነ ግን ያሳያል። ስለ መመለስና ስለ ሦስተኛ አገር በየሻይ ቤቱ ስንወያይ ይህንንም ብናስታውስ አይከፋም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕንፃው ሲያልቅ ባርነት አላለቀም። የ1873ቱ ውል ያስቀረው የባሕሩን ንግድና ገበያውን ነው። የቅርንፉድ እርሻው ባሮች እዚያው ቀሩ። ዛንዚባር ላይ የባርነት ሕጋዊነት የተሻረው በ1897 ነው፤ በቤት ውስጥ ያሉት ዕቁባቶች ጉዳይ ደግሞ እስከ 1909 ቆየ። ቅዳሴው እየተቀደሰ፣ ደወሉ እየተደወለ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሰው የሰው ንብረት ነበር። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያኑ ተሠራ፣ ባርነት ቀረ» ብሎ ማስተማር ለልጅ አቋራጭ ይመስላል እንጂ ትክክል አይደለም።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑን ለማየት የሚሄድ ሰው አጠገቡ ወዳለ አንድ ቤት ይወሰዳል። ከሥሩ ዝቅ ያሉ ጨለማ ክፍሎች አሉ። አስጎብኚዎች «ባሮቹ ከመሸጣቸው በፊት የሚታጎሩት እዚህ ነበር» ይላሉ። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ግን ይጠይቃሉ። ቤቱን የሠራው ሚሲዮኑ ነው፤ የሠራውም ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው። ታዲያ ክፍሎቹ የሚሲዮኑ ዕቃ ማስቀመጫ ቢሆኑስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥያቄው መነሣቱ የሰዎቹን መከራ አያሳንሰውም። ገበያው ነበር፤ ግርፋቱ ነበር፤ ሰንሰለቱ ነበር። እውነተኛ መከራ ማጣፈጫ አያስፈልገውም። እንዲያውም አንድ የተጋነነ ነገር ሲገኝ፣ የማያምን ሰው ያንን ይዞ እውነቱንም ጭምር ይጥላል። የስደት ጉዳያችንን ለቢሮ ስንናገር ይህን ነገር በደንብ እናውቀዋለን።

በግቢው ውስጥ ክላራ ሶርናስ የተባለች ሠዓሊ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሠራችው መታሰቢያ አለ። ከመሬት ዝቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ አምስት የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል፤ አንገታቸው ላይ ሰንሰለት አለ። ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ነው የምታዩአቸው። ሕንፃውም ያ የኮራል ድንጋይ በጨዋማ አየርና በዝናብ እየተበላ አርጅቶ ስለነበር ከ2013 እስከ 2016 ትልቅ ጥገና ተደረገለት። አጠገቡም ስለ ባሪያ ንግድ የሚያስተምር የቅርስ ማዕከል ተከፈተ። ጥገና የሌለው ታሪክ ይፈርሳል። የሱልጣኑ ትልቁ ቤተ መንግሥት፣ በ1883 የተሠራው «የድንቆች ቤት»፣ ከፊሉ በታኅሣሥ 2020 ተደርምሷል።

ታዲያ ይኼ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ሁለት ነገር ልበልና ልጨርስ።

አንደኛው ስለ አንዲት ቃል ነው። ልጆቻችን በውሃ ቧንቧው ሰልፍ ላይ ሲጣሉ መልኩ ጠቆር ያለውን ልጅ፣ ወይም የጎረቤት አገር ስደተኛውን «ባሪያ» ብለው ሲሳደቡ እሰማለሁ። ቃሉን ከየት አመጡት? ከቤት ነው። ከእኛ ነው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1942 ነው። በአዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ከመካከላችን ስለዚያ ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙ አሉ። ቃሉ ቀልድ የሚመስለው በዚያ እብነ በረድ ላይ ላልቆመ ሰው ነው። ዛሬ እኛም በሰው አገር ወረቀት ይዘን የቆምን ሰዎች ነን። አንድን ሰው ከሰው በታች የሚያደርግ ቃል ከእኛ አፍ መውጣት የለበትም። በየቤታችሁ፣ በቡናው ላይ፣ ለልጆቹ የዛንዚባርን ገበያ ንገሯቸው። ስድብ አይደለም፤ የሰው ዋጋ ነበር በሏቸው።

ሁለተኛው ስለ መጻፍ ነው። በካምፓችን በጭቃ ጡብና በማባቲ የሠራናቸው ቤተ ክርስቲያኖች፣ መስጊዶች፣ የትምህርት ክፍሎች አሉ። ማን ጡቡን መታ? ማን ማባቲውን ተሸከመ? በየትኛው ዓመት? ስንቶቹ ከሠሩት በኋላ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ ስንቶቹስ እዚሁ አረፉ? የዛንዚባሩን ጣሪያ ያሰበውን ሰው ስም እናውቃለን፤ ኮራሉን የፈጩትን፣ ቅልቅሉን በራሳቸው የተሸከሙትን ሰዎች ስም ግን አናውቅም። የእኛ ግንበኞች እንዲህ መሆን የለባቸውም። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። የየኮሚቴው ጸሐፊዎች፣ የሰማችሁትን «ተባለ» ብላችሁ፣ ያያችሁትን «አየሁ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። የጻፋችሁትን ለዝግጅት ክፍላችን ብታደርሱ ደግሞ በዚህ ገጽ እናወጣዋለን።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።